ቀዶ ሕክምናው መጠበቅ ይችላል

(በአራት ኪሎ አካባቢ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለተሰበሰቡ አድማጮች ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት አስተካክዬዋለሁ።)

ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምን ዋላችሁ።

የዛሬው ርዕሳችን ሰው ሕመም ሳያጣድፈው፣ በፈቃዱ መርጦ ስለሚያደርገው ቀዶ ሕክምና ነው። ትርፍ አንጀቱ የፈነዳበት ሰው በሌሊት ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ይገባል፤ ሐኪም አያማርጥም፣ ዋጋ አያወዳድርም፣ ነገሩን አሳድሮ አያስብበትም። አፍንጫዋን ለማስተካከል ወይም ከወሊድ በኋላ የላላ ሆዷን ለማጥበቅ የምትመጣ ሴት ግን ያ ሰው ያላገኘውን አንድ ነገር ይዛ ነው የምትመጣው፤ ጊዜ አላት። ዛሬ፣ በሚቀጥለው ወር ወይም በሚቀጥለው ዓመት ቢደረግላት በጤናዋ ላይ የሚመጣ ልዩነት የለም። በምርጫ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ውስጥ ታካሚውን ከምንም በላይ የሚጠብቀው ይህ ጊዜ ነው። ነገር የሚበላሸውም ብዙውን ጊዜ ሌላ ሰው ይህን ጊዜ ሲነጥቀው ነው።

ከናንተ መካከል ወደዚህ አዳራሽ ስትመጡ ለቤተሰብ ሌላ ምክንያት የሰጣችሁ እንዳላችሁ እገምታለሁ። በአገራችን ሰው መልኩን ለማስተካከል ሲያስብ መጀመሪያ የሚገጥመው ተግሣጽ ነው፤ «ፈጣሪ የሠራውን ልታርም ነው?» ይባላል። እምነቱን አከብራለሁ። ነገር ግን ተግሣጹ ሰውን ከቀዶ ሕክምና ሲያስቀር ብዙም አላየሁም፤ በድብቅ እንዲሄድ ሲያደርገው ግን አይቻለሁ። በድብቅ የሚሄድ ሰው ማንንም አያማክርም። ብቻውን ገብቶ ብቻውን ይወጣል፤ ቁስሉ ሲያመረቅዝም «ምን ሆነህ ነው?» እንዳይባል ቤቱ ተኝቶ ይቆያል። ዘግይተው ከሚደርሱን ታካሚዎች አንዳንዶቹን ከቁስሉ ይልቅ የጎዳቸው ሐፍረቱ ነው። መልክን ማሳመር መፈለግ ወንጀል አይደለም። እናት፣ እኅት፣ የልብ ጓደኛ፣ ቢያንስ አንድ የምታምኑት ሰው ይወቅላችሁ።

ሌላው የማዝንበት አስተሳሰብ ነገሩን ከጸጉር ሥራ ብዙም የማይርቅ አድርጎ ማየቱ ነው። የውበት ቀዶ ሕክምና የወጣው ከከባድ ጉዳት ጥገና ነው። በኒውዚላንድ የተወለደው ሐኪም ሃሮልድ ጊሊስ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፊታቸው የፈረሰ ወታደሮችን በእንግሊዝ አገር ሲጠግን ያዳበራቸው ዘዴዎች ለዛሬው ሥራችን መሠረት ሆነዋል። በከተማችንም ከዚህ አዳራሽ ብዙም ሳይርቅ ስድስት ኪሎ ያለው የካቲት 12 ሆስፒታል ቃጠሎ ያኮማተረውን አንገትና እጅ ሲፈታ ኖሯል፤ አለርት ሆስፒታል የሥጋ ደዌ ያጣመመውን ጣት ያቀናል። የላላ ሆድ የሚያጠብቀው ሐኪም የሚይዘው ስለት ያው ስለት ነው፤ ደሙም፣ ማደንዘዣውም፣ አደጋውም ያው ነው።

በብዛት ከሚደረጉት አንዱን ላንሳ። ዓለም አቀፉ የውበት ፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. ለ2023 ባወጣው ቆጠራ፣ ከቀዶ ሕክምናዎቹ አንደኛ የሆነው ስብ መምጠጥ ነበር፤ ከ2.2 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ተደርጓል። ብዙ ሰው ክብደት መቀነሻ ይመስለዋል፤ አይደለም። ክብደቱ የተስተካከለ ሰው በምግብም በስፖርትም አልጠፋ ያለውን የአንድ ቦታ ስብ የሚያስነሳበት ዘዴ ነው። በአንድ ጊዜ የሚወጣው 5 ሊትር ገደማ ሲደርስ ነገሩ ከባድ ይሆናል፤ ታካሚው ሆስፒታል አድሮ ክትትል ሊደረግለት ይገባል፤ ምክንያቱም ከስቡ ጋር ደምና ፈሳሽም አብሮ ይወጣል። «20 ኪሎ አስነሱልኝ» ብሎ ለሚመጣ ሰው እውነተኛው መልስ «አይቻልም» የሚል ነው። ቦርጭ ላላቸው ወንዶች ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። የብዙዎቹ ስብ ከቆዳ ሥር ሳይሆን ከሆድ ጡንቻ ጀርባ፣ አንጀት ዙሪያ ያለ ነው። መምጠጫው እዚያ አይደርስም፤ እንዲደርስም አንፈልግም።

የተመጠጠውን ስብ ወደ ዳሌና መቀመጫ መውጋት የሚባለው ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ፤ ምክንያቱም ሰው የሚሞትበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበራት በጋራ ባወጡት ማስጠንቀቂያ፣ ከዚህ ቀዶ ሕክምና ጋር የተያያዘው ሞት ከ3,000 ታካሚዎች እስከ አንድ ሊደርስ እንደሚችል ገምተዋል። ለመዋቢያ ከሚደረጉት ሁሉ ከፍተኛው ይህ ነበር። አገዳደሉ እንዲህ ነው። በመቀመጫ ጡንቻ ጥልቀት ውስጥ ትልልቅ የደም መልሶች አሉ። ስቡ ጡንቻው ውስጥ ከተወጋና መርፌው ከእነዚህ አንዱን ከቀደደ፣ ስቡ በደም ሥሩ ገብቶ ወደ ልብና ወደ ሳንባ ይሄዳል። ታካሚዋ ከጠረጴዛው ሳትወርድ ልትሞት ትችላለች፤ በዚያች ደቂቃ የቱንም ያህል ጎበዝ ሐኪም ቢኖር ብዙ ሊያደርግላት አይችልም። ማኅበራቱ ስቡ ከቆዳ ሥር ባለው ስብ ውስጥ ብቻ እንዲገባ፣ ጡንቻ ውስጥ ፈጽሞ እንዳይገባ አዘዋል። መርፌው የት እንዳለ እያዩ ለመሥራትም አልትራሳውንድ የሚጠቀሙ ሐኪሞች አሉ። ይህን ለማድረግ የወሰነች እኅት ሐኪሟን እንዲህ ብላ ትጠይቅ፤ «ስቡን የሚያስገቡት ከጡንቻው በላይ ነው ወይስ ውስጥ? የመርፌውን ጫፍ በምን ያዩታል?» ጥያቄው የሚያስቆጣው ሐኪም ካለ እዚያው ትተዋለች።

ከዚህ የባሰ ደግሞ አለ፤ በሳሎን ጓዳና በመኖሪያ ቤት የሚወጋው ፈሳሽ ሲሊከንና ዘይት። እ.ኤ.አ. በ1899 ሮበርት ገርሱኒ የተባለ የቪየና ሐኪም ፓራፊን ሰውነት ውስጥ መውጋት ጀመረ፤ ዘዴው ተስፋፋ፣ ከዓመታት በኋላም የተወጋው ቦታ እያበጠና እየቆሰለ ሲመጣ ሐኪሞች ተዉት። ከመቶ ዓመት በላይ የታወቀ ጥፋት ነው። ፈሳሽ ሲሊከን ከተወጋ በኋላ በሥጋው መካከል ይሰራጫል፤ ጠቅልሎ የሚያወጣው ሐኪም የለም። የፊትን መጨማደድና ጉድጓድ የሚሞላው፣ ፊለር የሚባለው የተፈቀደ መርፌም ቢሆን በአፍንጫና በግንባር አካባቢ የደም ሥር ውስጥ ከገባ ዓይን ሊያሳውር ይችላል። ፊለሩ ሃያሉሮኒክ አሲድ ከሚባለው ንጥረ ነገር የተሠራ ከሆነ የሚያፈርሰው ሃያሉሮኒዴዝ የሚባል መድኃኒት አለ። መርፌውን የሚወጋው ሰው መድኃኒቱን አጠገቡ ማስቀመጥ አለበት፤ «አለዎት?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

አፍንጫን በተመለከተ፣ ወጣቶች የስልክ ፎቶ ይዘው ይመጣሉ። ስልኩ ግን ይዋሻቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት እንዳሰላው ከፊት 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ርቆ የተነሳ ፎቶ፣ ከአንድ ሜትር ተኩል ከተነሳው ጋር ሲነጻጸር አፍንጫን በ30 ከመቶ ያህል አስፍቶ ያሳያል። ስለዚህ መጀመሪያ ሌላ ሰው ከራቅ ብሎ ያንሳችሁ። ከዚያም ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ የአፍንጫ እብጠት ሙሉ በሙሉ ለመርገብ አንድ ዓመት ገደማ ይፈጃል። «አልወደድኩትም፣ ይደገምልኝ» የሚል ሰውም ቢያንስ ያን ዓመት መጠበቅ አለበት።

ሆድ የምታጠብቅ እናት መውለድ ጨርሳ ብትመጣ ይሻላል፤ ሌላ እርግዝና የተሰፋውን ጡንቻና ቆዳ መልሶ ይለጥጠዋል። ክብደቷም ለወራት ሳይወጣና ሳይወርድ የቆየ ይሁን። ጡት የምታስቀንስ ወጣት ደግሞ ወደፊት የማጥባት አቅሟ ሊቀንስ እንደሚችል ከወዲሁ ትወቅ። ጡት ለማሳደግ የሚገባው ሲሊከን ዕድሜ ልክ የሚቆይ ዕቃ አይደለም። የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ሲሊከኑ ከገባ ከ5 እስከ 6 ዓመት ባለው ጊዜ፣ ከዚያም በየ2 እስከ 3 ዓመቱ በኤምአርአይ ወይም በአልትራሳውንድ እንዲታይ ይመክራል። የዛሬውን ዋጋ ስትሰሙ የምርመራውንና አንድ ቀን የሚመጣውን የመቀየሪያ ወጪ ደምራችሁ ስሙ። ፒአይፒ የተባለው ለጡት የሚገባ ሲሊከን የሚያመርት የፈረንሳይ ፋብሪካ ለሕክምና ያልተፈቀደ የኢንዱስትሪ ሲሊከን ሲሞላ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2010 መጋለጡን አትርሱ። በዚያን ጊዜ ብዙ ሴቶች ጡታቸው ውስጥ ያለው ምርት የማን እንደሆነ አያውቁም ነበር። የአምራቹ ስምና መለያ ቁጥሩ የተጻፈበት ካርድ ሳይሰጣችሁ ከሆስፒታል አትውጡ።

አሁን ስለ ጠባሳ ልናገር፤ ከውጭ አገር በሚመጡ ማስታወቂያዎች ላይ የማይነገረን ይህ ነው። ጥቁር ቆዳ ያለን ሰዎች ለኬሎይድ የበለጠ የተጋለጥን ነን። ኬሎይድ ማለት ቁስሉ ከዳነ በኋላም ጠባሳው ማደጉን የማያቆም፣ ከተቆረጠበት መስመር አልፎ የሚያብጥ ነው። ደረት፣ ትከሻ፣ የጆሮ ጫፍና አገጭ ላይ መውጣት ይወዳል። በቀዶ ብቻ ተቆርጦ ከተወ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል፤ አንዳንዴም ከበፊቱ ይብሳል። ስለዚህ እብጠት የሚያረግብ የስቴሮይድ መርፌ፣ ጠባሳውን የሚጫን ማሰሪያ ወይም የጨረር ሕክምና አብሮት ካልታሰበ ማስቆረጡ አይጠቅምም። ለዚህ ውድ መሣሪያ የማይፈልግ ምርመራ አለ። ጆሮሽን ስትበሺ ቀዳዳው አብጦ ነበር? የክትባቱ ጠባሳ ክንድሽ ላይ እንዴት ነው? እናትሽ ወይም አባትሽ ያበጠ ጠባሳ አላቸው? መልሱ «አዎ» ከሆነ ውሳኔው እንደገና መታየት አለበት። ማንኛውም ጠባሳ መልኩን የሚይዘው ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ ነው፤ በሁለተኛው ወር ቀልቶና ጠንክሮ ስታዩት አትደንግጡ። የጥርስ ድድና የአንገት ንቅሳት በሌዘር ለማስነሳት የምትፈልጉም፣ ሌዘሩ በጥቁር ቆዳ ላይ ነጭ ወይም የጠቆረ ምልክት ሊተው እንደሚችል እወቁና በትንሽ ቦታ ላይ አስሞክራችሁ ቀጥሉ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል፤ ከቀዶ ሕክምና በፊት በሚደረግ ቃለ መጠይቅ ላይ የዚህን ያህል እውነት የሆነ አባባል አላውቅም። ጫት የሚቅም ሰው ይንገረን። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ የማደንዘዣ ባለሙያው ይህን ካላወቀ በእንቅልፍ ላይ ያለው ታካሚ ግፊት ለምን እንደሚዋዥቅ ሊገባው አይችልም። ሐኪም ዳኛ አይደለም፤ ለእናታችሁም አይናገርም። ሲጋራና ሺሻ ደግሞ የቆዳን የደም ሥሮች ያጠባሉ። ሆድ ሲጠብቅ ቆዳው ሰፊ ቦታ ላይ ተነስቶ ነው የሚዘረጋው፤ ደም ካላገኘ ጠርዙ ጠቁሮ ይሞታል። ቢያንስ ከ4 ሳምንት በፊት ማቆም፣ በኋላም ያንኑ ያህል መታገሥ ግድ ነው። ፊት የሚያቀላ ቅባት የተጠቀመች ሴት ትንገረን፤ ብዙዎቹ ስቴሮይድ አለባቸው፣ ቆዳን ያሳሳሉ፣ ቁስልም እንዳይድን ያደርጋሉ። አስፕሪን፣ የእርግዝና መከላከያ ክኒን፣ ለክብደት የሚወጋ መርፌ፣ ከባሕል ሐኪም የመጣ ሥርና ቅጠል፣ ለጉንፋን ተብሎ በብዛት የሚበላ ነጭ ሽንኩርትም ጭምር ይነገር። ጾም ላይ ያላችሁም እንደዚሁ ንገሩን። ሽሮና ምስር ጥሩ ምግብ ነው፤ ነገር ግን በዐቢይ ጾም መጨረሻ የደም ማነስ ይዞ ለቀዶ ሕክምና መቅረብ ተገቢ አይደለም። ደሙን አስለክተን ቀኑን ወደ ፋሲካ ማዶ ብንገፋው የሚጎዳ የለም።

ሐኪሙን ስለ መምረጥ የምለው አጭር ነው። የተቋሙ ፈቃድ ግድግዳው ላይ ይታያል፤ አንብቡት። «ሐኪም» የሚለው ማዕረግ ብቻ አይበቃም፤ በፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት ነው ወይ? ይህን ቀዶ ሕክምና በየጊዜው ይሠራል? በሌላ ታካሚ ላይ ያልተሳካለት ጊዜ ምን አደረገ? ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ በዝርዝር የሚመልስ ሐኪም እኔ ለራሴ ቤተሰብ የምመርጠው ሐኪም ነው። ከሱ እኩል ስለ ማደንዘዣው ጠይቁ። ለመልኩ የሚጨነቅ ሰው ስለ ሐኪሙ እጅ ብቻ ያስባል፤ በሕይወት የሚያቆየው ግን በራስጌው ቆሞ አየሩንና ልብ ምቱን የሚከታተለው የማደንዘዣ ባለሙያ ነው። ኦክሲጅን፣ የኦክሲጅን መለኪያ፣ መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተር መኖሩን አረጋግጡ። ቀዶ ሕክምናው የሚሠራው አፓርታማ ውስጥ ከሆነ ተነሥታችሁ ውጡ።

ወደ ውጭ አገር ስለሚሄዱትም ልናገር። ብዙ ጥሩ ሐኪሞች በኢስታንቡልም፣ በዴልሂም፣ በባንኮክም አሉ፤ ያን አልክድም። ችግሩ ሕክምናው በአንድ ሳምንት የሚያልቅ አለመሆኑ ነው። የእንግሊዝ የጤና አገልግሎት ከጡት ቀዶ ሕክምናና ከስብ መምጠጥ በኋላ ከ5 እስከ 7 ቀን፣ ከፊትና ከሆድ ቀዶ ሕክምና በኋላ ከ7 እስከ 10 ቀን ሳይሞላ አውሮፕላን ላይ እንዳይወጡ ይመክራል። ለረጅም ሰዓት ተቀምጦ መጓዝ እግር ውስጥ ደም እንዲረጋ ያደርጋል፤ የረጋው ደምም ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። ሌላም አለ። ለውበት ቀዶ ሕክምና ወደ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ተጉዘው በተመለሱ አሜሪካውያን ላይ እንደታየው፣ የሳንባ ነቀርሳ ተህዋስ ዘመድ የሆነ ማይኮባክቴሪያ ቁስሉ ውስጥ ገብቶ ከሳምንታት በኋላ ብቅ ይላል፤ የተለመዱት ፀረ ተህዋስ መድኃኒቶች አይነኩትም፣ ሕክምናውም ወራት ይወስዳል። እንዲህ ዓይነት ቁስል ይዛችሁ ስትመለሱ አዲስ አበባ ላይ የሚቀበላችሁ ሐኪም ምን እንደተሠራላችሁ የሚያውቀው በእጃችሁ ካለው ወረቀት ብቻ ነው። የቀዶ ሕክምናውን ዝርዝር ጽሑፍ ይዛችሁ ተመለሱ። ጉዞውን በሚያመቻች ደላላ በኩል የምትሄዱ ከሆነም ገንዘቡን የሚቀበለው ደላላ እንጂ ሐኪሙ ስላልሆነ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ሐኪሙን ራሱን በስልክም ቢሆን አነጋግሩት።

እንግዲህ ወደ ጊዜው ልመለስ። «ቅናሹ እስከ ዓርብ ነው»፣ «ዛሬ ቀብድ ካስያዝሽ ቦታ እንይዝልሻለን» ሲሏችሁ የሚወስዱባችሁ ገንዘቡን ብቻ አይደለም። ሁለተኛ ሐኪም የምታማክሩበትን፣ ከቤተሰብ ጋር የምትመክሩበትን፣ አልፎ አልፎም ሐሳባችሁን የምትቀይሩበትን ጊዜ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ለመዋቢያ የሚደረግ ቀዶ ሕክምናን ስለማይሸፍን ወጪው ከኪሳችሁ ነው፤ የራሳችሁ ገንዘብ ስለሆነም ማንም ሊያቻኩላችሁ አይገባም። በጥር ወይም በሚያዝያ ሠርጓ የሆነ ሙሽራ ወር ሲቀራት ስትመጣ ብዙ ጊዜ መልሰናታል። በፎቶው ላይ የሚወጣው እብጠቷ ነው የሚሆነው። የስምምነት ወረቀቱንም በቀዶ ሕክምናው ጠዋት ማደንዘዣ ሊሰጣችሁ ሲል ሳይሆን ከቀናት በፊት፣ ቤታችሁ ተቀምጣችሁ አንብባችሁ ፈርሙ። ፈርማችሁም ቢሆን እስከ ኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ድረስ «ይቅርብኝ» ማለት መብታችሁ ነው።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ቀዶ ሕክምና መልሱ አይደለም። ሰው በሌሎች ዓይን እምብዛም የማይታይ ጉድለቱን በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ የሚያስብበት፣ መስተዋት ፊት የሚቆምበት፣ ከሰው የሚሸሽበት ሕመም አለ፤ ቦዲ ዲስሞርፊክ ዲስኦርደር ይባላል። እንዲህ ያለ ሰው ቢቀደድም አይረካም፤ ከአፍንጫው ወደ አገጩ፣ ከአገጩ ወደ ዓይኑ ይሄዳል። የሚረዳው የአእምሮ ጤና ባለሙያ ነው፤ ሕክምናውም ይሠራል። «ባለቤቴ እንዳይተወኝ» ብላ የምትመጣ ሴትንም እንዲሁ ቁጭ አድርገን እናናግራታለን። ሆዷን ማጥበቅ እንችላለን፤ ትዳሯን ግን አንችልም።

ከንግግሩ በኋላ አድማጮች ከጠየቁኝ ጥያቄዎች ሁለቱን ልጻፍ። አንድ አባት የ14 ዓመት ልጃቸው ጡት አብጦ በትምህርት ቤት እንደሚሾፍበት ነገሩኝ። በጉርምስና የወንድ ልጅ ጡት ማበጥ የተለመደ ነው፤ አብዛኛው በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ ራሱ ይጠፋል። የሚወስደው መድኃኒት ካለ ይመርመር፣ ሐኪም ይየው፣ ቀዶ ሕክምናው ግን ይቆይ። ልጁ እየተሾፈበት መሆኑን ግን ቀላል አድርገን አንይ፤ ለመምህሩ ይነገር።

ሁለተኛዋ ወይዘሮ «ቤት ከገባሁ በኋላ መቼ ልፍራ?» ብለው ጠየቁ። ትኩሳት፣ እየጨመረ የሚሄድ ሕመምና መቅላት፣ ከስፌቱ የሚወጣ መግል፣ በአንድ በኩል ብቻ በድንገት የሚያብጥ ጡት ወይም ጎን ካለ ነገ ሳይባል ለቀዶ ሐኪሙ ይደወል። አንደኛው ባት ብቻ አብጦ ካመመ ወይም ትንፋሽ ካጠረና ደረት ከወጋ ግን ሐኪሙ እስኪመልስ መጠበቅ አያስፈልግም። ለቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይደወል፣ በአቅራቢያ ያለ ድንገተኛ ክፍል ይገባ፤ «ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኛል» የሚለው ቃል ደግሞ ገና በር ላይ ይነገር።